ከብራስልስ እስከ ጌራ ቡና ጫካ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ጅማ ዝናብ ነው፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ታገሱኝ።

የውጭ ፖሊሲ ሲባል ምን ይመጣባችኋል? ከረባት ያሰረ አምባሳደር፣ ባንዲራ፣ ዓባይ፣ ቀይ ባሕር። እኔ ግን በቅርቡ ያየሁት እዚሁ ጅማ ዞን ጌራ ወረዳ፣ ቡና ጫካ ውስጥ፣ ስልክ በያዘ አንድ ወጣት እጅ ላይ ነው።

ልጁ የቡና ማሳ መዝጋቢ ነው። አንድ አዛውንትን «አባባ፣ ማሳው መሃል ይቁሙልኝ» አላቸው። ዞር ዞር ብለው አዩና «መሃሉ የቱ ነው ልጄ?» አሉት። ቀልዳቸውን አይደለም። ከላይ ዋንዛና ብሳና ነው፣ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ቀፎው ደግሞ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ድንበሩን እሳቸውና ጎረቤታቸው ያውቁታል፤ ጅረቱ ነው፣ ከዚያ ያ ትልቁ ዛፍ። ስልኩ ግን ቅጠሉ ሰማዩን ስለጋረደው ሳተላይት ፍለጋ ላይ ነው። እኛም ቆመን ጠበቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቀመጫው ብራስልስ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አወጣ። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና፣ ካካዎ፣ እንጨት ምናምን ወደ ገበያችን አይገባም የሚል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ቦታ ነጥብ፣ ማለትም የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩን ማቅረብ አለበት፣ ያውም ከዴሲማል ነጥቡ በኋላ ስድስት አኃዝ። ስድስት አኃዝ ማለት እኮ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ልዩነት ነው! ጥላ ሥር ያለ ርካሽ ስልክ ስንት ሜትር እንደሚስት የሞከረ ያውቀዋል።

ሕጉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ደን እየጠፋ ነው፣ ዓይናችን እያየ። ቡና አምራቹም መልአክ አይደለም። ምንጠራው ሲበዛ ችግኙ ይጠፋል፣ ጥላው ይሳሳል፣ ጫካው ቀስ እያለ ጓሮ ይሆናል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ማን ተጠየቀ?

የኅብረቱ ኮሚሽን በ2021 ረቂቁን አቀረበ፣ ፓርላማውና የአባል አገሮቹ ምክር ቤት ተደራድረው አጸደቁት። በ2024 መጨረሻ ሥራ ሊጀምር ነበር፤ ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። ያራዘመው የማን ጩኸት ነው? ብራዚል ጮኸች፣ ኢንዶኔዥያ ጮኸች፣ አሜሪካ ጻፈች፣ የራሳቸው የአውሮፓ ኩባንያዎችም አልደረሰልንም አሉ። የኛም ሰዎች ተናግረዋል፣ አልካድኩም። ግን ግማሽ ሄክታር ያለው የጌራ ገበሬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ በየት በኩል ይደርሳል? ወሬው ሲደርሰው ራሱ ከሰብሳቢው ነው፣ «ካልተመዘገብክ ቡናህ አይገዛም» ተብሎ።

በሕጉ ደን ማለት ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ዛፉ ከአምስት ሜትር በላይ የሆነ፣ ጥላው ከአሥር በመቶ በላይ የሸፈነ መሬት ነው፤ በዋናነት ለእርሻ የሚውል ከሆነ ግን ደን አይባልም። እሺ፣ የአዛውንቱ ቦታ የቱ ነው? ከሰማይ ሲታይ ደን ነው። ለእሳቸው የአባታቸው ቡና ነው። አርጅቶ የወደቀ ዛፍ ሲያነሱ፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ጭፍጨፋ ሊመስል ይችላል። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ እንደማይነካ፣ የማን ቀፎ የት እንደሚሰቀል፣ ይኼ ሁሉ ሥርዓት የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ደግሞ ጣታችንን ብራስልስ ላይ ብቻ አንቀስር። እ.ኤ.አ. በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአገር በቀል ሕዝቦች መብት መግለጫን ሲያጸድቅ 144 አገሮች ደገፉ፣ አራት ተቃወሙ። ኢትዮጵያስ? ድምፅ ሲሰጥ አልነበረችም። ያ መግለጫ አሁን የአውሮፓው ሕግ ውስጥ ተጠቅሶ ወደኛው ቡና ተመልሶ መጥቷል። ያኔ ብንገኝና ብንከራከርበት ምን ነበረበት?

ጅማ ለነገሩ ለውጭ ፖሊሲ አዲስ አይደለችም። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት የአሜሪካው ፕሬዝዳንት የትሩማን «ፖይንት ፎር» የተባለው የውጭ ቴክኒክ ድጋፍ ፕሮግራም ፍሬ ነው። በለጤ ጌራ ደን ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጃፓን ተራድኦ ገብቶ የደን ተጠቃሚ ማኅበራት ተቋቋሙ። ነዋሪው ደኑን ይጠብቃል፣ በምላሹ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማል፤ ስምምነቱ ይኸው ነው። ብዙ ቢተችም እኔ እወደዋለሁ፤ ቢያንስ ሰውየው ተጠይቆ ፈርሟል።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ አገራችን ገባ። መድኃኒቱ የተገኘው ከጫካ ነው። ተመራማሪዎች እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ከሚገኙ እናት ዛፎች በሽታውን የሚችሉትን መረጡ። 74110 የሚባለው የቡና ዝርያ ከኢሉባቦር ነው፤ 74 የተመረጠበት ዓመት ነው። ዛሬ ስንቱ ማሳ ላይ አለ! እነዚያን ዛፎች ሳይቆርጥ ያቆየው ሰው ግን የትኛውም ድርድር ላይ ወንበር ኖሮት አያውቅም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ልዑክ ሲላክ ከማኅበራቱ አንድ ሁለት ሰው ይካተት፣ አስተርጓሚ ይመደብለት። የተመዘገበው ነጥብም ለገበሬው በወረቀት ይሰጠው፤ ነገ ላኪ ቢቀየር ከዜሮ እንዳይጀምር። የማሳው መረጃ የእሱ ነው።

ሊሙ፣ ጎማ፣ ማና ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ምዝገባው እንዴት ነው? ወረቀት የተሰጠው ሰው አለ? በቴሌግራም በድምፅ ላኩልኝ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ። የሚቀጥለው ክፍል ላይ አሰማዋለሁ።