በቤት መኪና የሚኖሩ ባልና ሚስትን ጎንደር ላይ ለቴሌቪዥን መቅረጽ፦ ዕቅዱ ከባትሪውና ከውኃ ታንከሩ ሲነሳ

(ምስል፦ ጎሃ ኮረብታ አጠገብ የቆመ ቅጥቅጥ፤ ጣሪያው ላይ ሶላር፤ ከታች ከተማው)

ተራኪ፦ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ወንበሩ ተነቅሎ አልጋ፣ ማድቤትና መጸዳጃ ሲገባለት ለሁለት ሰው ይበቃል። አራት ሰው ያለው የቀረጻ ቡድን ሲጨመርበት ግን ያ ቤት በአንድ ጊዜ ስድስት ሰው ማስተናገድ ይጀምራል። መብራቱም፣ ውኃውም፣ መቀመጫውም የተሠራው ለሁለት ነው። አብዛኛው አዘጋጅ መጀመሪያ ታሪኩን ይጽፍና ቤቱ እንዲከተለው ይጠብቃል። እዚህ የምናሳየው በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ መኪናው በቀን ስንት እንደሚችል ይሰላል፣ የቀረጻው ፕሮግራም ከዚያ ይወጣል።

(ምስል፦ የባትሪ ሳጥን፤ በእጅ የተጻፈ ሒሳብ)

ከባትሪው እንጀምር። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ በወረቀት ላይ 2,400 ዋት-ሰዓት (ዋቱ በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ) ይይዛል። ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር በቀን ልንተማመንበት የምንችለው 1,200 ነው። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ማቀዝቀዣው ወደ 400፣ አምፖል፣ የውኃ ፓምፕና ስልክ አንድ ላይ 150 ይወስዳሉ። በድምሩ 550 ማለት ነው። አሁን ቡድኑን ጨምሩ፦ ባለ 60 ዋት ሁለት መብራት ለአራት ሰዓት 480፣ ላፕቶፕ ለሦስት ሰዓት 195፣ የካሜራና የማይክ ባትሪ መሙያ 200። ጠቅላላው 1,425 ይደርሳል።

ጣሪያው ላይ ያለው 300 ዋት ሶላር በበጋ፣ አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ አግኝቶ ብክነቱ ሲቀነስ፣ 1,125 አካባቢ ይመልሳል። በየቀኑ 300 ይጎድላል። ባትሪው ሞልቶ ቢጀምር እንኳ በአራተኛው ቀን ማታ ማቀዝቀዣው ይቆማል። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ደመናው የሶላሩን ገቢ ግማሽና ከዚያ በታች ስለሚያደርገው አራተኛው ቀን ቀርቶ ሁለተኛውም አይሞላም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቡድኑ የራሱን ኃይል ይዞ ይመጣል። 1,000 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ተንቀሳቃሽ የባትሪ ሳጥን ማታ ሆቴል ተሞልቶ ጠዋት ይገባል፤ ሆቴሉ መብራት ከጠፋበት ደግሞ ተጠባባቂ የሆነ ሁለተኛ ሳጥን ያስፈልጋል። የካሜራ ባትሪ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ አዘዞ የምታመጡ ከሆነ እያንዳንዱ ከ100 ዋት-ሰዓት ያልበለጠ ይሁን፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከ160 በላይ የሆነው አይፈቀድም። ሁሉም በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይገባም።

የመኪናውን የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት አትንኩ። ፊውዙ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፒር ነው፣ ማለትም 120 እስከ 180 ዋት። አንድ ሰው ላፕቶፕ፣ ሌላው የካሜራ መሙያ ሲሰካበት ይቃጠላል፤ ከዚያ የሚመጣው «ትልቅ ፊውዝ እናድርግበት» የሚለው ሐሳብ ደግሞ ሽቦውን ያቀልጠዋል። ኢንቨርተርም (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) ቢሆን 1,000 ዋት ሲጎትት ከባትሪው ከ90 አምፒር በላይ ስለሚስብ ኬብሉ ወፍራምና አጭር መሆን አለበት። ርካሹ ኢንቨርተር ሌላም ጣጣ አለው፤ ንጹሕ ሞገድ ስለማይሰጥ በድምፅ ቅጂው ውስጥ «ዝዝዝ» ይላል።

«ጄኔሬተር እናምጣ» የሚል አይጠፋም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ጄኔሬተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 2 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛው ጎንደር ላይ 1.5፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ባለው ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር ላይ ደግሞ 1.25 አካባቢ ነው። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ማደያዎችም በጀሪካን በቀላሉ አይቀዱም።

እንጀራ መጋገርን በተመለከተ አጭር መልስ፦ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ይፈልጋል። እንጀራው ከከተማ ይገዛ፣ መግዛቱም ይቀረጽ። የቤት መኪና ኑሮ እውነቱ እሱ ነው።

(ምስል፦ ከመኪናው ውጭ፣ በሸራ ጥላ ሥር የቡና ረከቦት)

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ይህኛው የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ቡና የማይፈላበት የጎንደር ቤት በቴሌቪዥን ቢታይ ተመልካች አያምንም፤ ስለዚህ አዘጋጁ ቡናው በመኪናው ውስጥ፣ በከሰል፣ ዕጣን እየጨሰ እንዲፈላ ይጠይቃል። ብርሃኑም ጭሱ ላይ ሲያርፍ ያምራል። ነገር ግን ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። የድምፅ ባለሙያው ጫጫታ እንዳይገባ ብሎ መስኮትና በር ባዘጋበት፣ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ጠባብ ቦታ ውስጥ በደቂቃዎች ይከማቻል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ብዙ ሰው የከፍታው ነው ብሎ ያልፈዋል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ከሰል በምንም ምክንያት ወደ ውስጥ አይገባም፣ ረመጡም ጭምር። ቡናው በጥላው ሥር ይፈላ፣ ሲኒው በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ይግባ፤ ካሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ቢቀርጽ ምስሉ እንዲያውም ይበልጣል። ውስጥ በቡታጋዝ ሲበሰል የጣሪያው መተንፈሻና አንድ መስኮት ክፍት ይሁኑ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከአልጋው ራስጌ አጠገብ ይሰቀል፤ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ቁልፉ ተጭኖ ይሞከር። ጄኔሬተር ካለ ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ወደ መኪናው ሳይዞር ይቁም።

ውኃ። 100 ሊትር ታንከር ለሁለት ቆጣቢ ሰው ከአራት እስከ አምስት ቀን ይበቃል። ቡድኑ እጁን ሲታጠብበት፣ ሻይ ሲያፈላበት በሁለተኛው ቀን ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። የጎንደር ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ስለሚበዛ «ነገ እንሞላለን» ማለት አያዋጣም። ቡድኑ በየቀኑ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለራሱ ይዞ ይምጣ። መጸዳጃውን ደግሞ ጨርሶ አይጠቀም፤ የሚወጣው ሣጥን 20 ሊትር ያህል ብቻ ነው፣ ሁለት ሰው ራሳቸው በሦስት ቀን ይሞሉታል። ሆቴል ግቢ ውስጥ ለመቆም የምትስማሙ ከሆነ የመጸዳጃ አጠቃቀሙ በስምምነቱ ውስጥ ይግባ።

(ምስል፦ የመኪናው ውስጥ፤ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ጋቢ)

ድምፅ። የቅጥቅጥ አካል ቆርቆሮ ነው፤ ድምፅ ይመታና ይመለሳል። ከካሜራው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ጋቢ ወጥሩ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣሉ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ማይኩ ልብስ ላይ የሚሰካ ከሆነ የጥጥ ሸሚዝ ወይም የሐበሻ ቀሚስ አንገት ሥር ደህና ነው። የናይለን ጃኬት ያንኮሻኩሻል። ጋቢ ወይም ነጠላ ከላይ ሲደረብ ማይኩን ይሸፍነዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያጋጥመው ችግር ይኸው ስለሆነ ማይኩን ከነጠላው ጠርዝ በላይ አውጡት።

ማቀዝቀዣው ለንግግር ቀረጻ ይጠፋል። ተመልሶ ማብራቱ እንዳይረሳ የቡድኑ መኪና ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀመጥ፤ ያለ እሱ ማንም መሄድ አይችልም። በየቦታው ከንግግሩ በኋላ ማንም ሳይናገር የ30 ሰከንድ ባዶ ድምፅ ቅዱ። ጎንደር ላይ ባጃጁ፣ የሌሊት ቅዳሴው ድምፅ ማጉያ፣ የቅዳሜ ገበያው ጩኸት ሳይጠራ ይገባል፤ ባዶው ድምፅ ከሌለ ኤዲተሩ መገጣጠሚያውን የሚሸፍንበት ነገር አይኖረውም። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ቃለ መጠይቅ አይታሰብም።

ብርሃንን በተመለከተ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው በሰከንድ 25 ምስል፣ ሸተሩም (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ይሁን። በ30 እና በአንድ ስልሳኛ ከተቀረጸ ሆቴሉም ሱቁም ውስጥ ምስሉ ይርገበገባል። የመኪናው ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲም ርካሽ ማደብዘዣ ካለው ጥቁር መስመር ያመጣል፤ ሙሉ ብርሃን ላይ አድርጉት። ሁለተኛ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፤ ውስጡ ጨለማ፣ መስኮቱ ነጭ ይሆናል። መስኮቱን በግራጫ ማጣሪያ ፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ወይም የውስጥ ቀረጻውን ከ3 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ካሜራው ቀድሞ ተተክሎ ይጠብቅ።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፦ የቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ። «3 ሰዓት» የተባለ የውጭ ካሜራማን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብቅ ሊል ይችላል። የካሜራዎቹ ሰዓት ሁሉ በአንድ አቆጣጠር ይሞላ፤ አንዱ በኛ ሌላው በፈረንጅ ከሆነ ድምፅና ምስል ማዛመድ የኤዲተሩን ሳምንት ይበላል።

የምስል ተከታታይነት ላይ ጾሙን የሚያስታውስ ሰው ይኑር። ማክሰኞ የተጀመረ የማድቤት ትዕይንት ረቡዕ ቢቀጥል፣ ትናንት ድስቱ ላይ የነበረው ዶሮ ዛሬ ሽሮ ይሆናል። ባልና ሚስቱ ጿሚ ከሆኑ ምሳቸውም እስከ 9 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ «ለካሜራው ብቻ አንድ ጉርሻ» ብሎ መለመን ነውር ነው፣ ተመልካቹም ቀኑን ካወቀ ይታዘባል።

(ምስል፦ ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ፤ ኮሶዬ)

ጉዞ። ጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። መኪናው ሲያልፍ የሚታይባቸው ምስሎች በኮሶዬ በኩል ያምራሉ፤ ግን ትልቅ መኪና ለአንድ ምስል ሦስት ጊዜ ማዞር የሚቻለው ሰፊ መመለሻ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞ ላይ ማዞር አይሞከርም። ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተር እየተያዘ ይወረዳል፤ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሹፌር ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። በቁልቁለቱ ላይ ሹፌሩ ጥያቄ አይጠየቅ። ባለቤቱ ትናገር፣ ወይም ሁለቱም ቆመው ይናገሩ።

መንገዱ በዚያ ቀን ሰላምና ክፍት መሆኑ በየጠዋቱ ከአካባቢው ሰውና ከትራፊክ ፖሊስ ይጠየቅ። ያልተረጋገጠ መንገድ ላይ ለምስል ተብሎ አይወጣም። ለዚህ ጊዜ ከተማው ውስጥ የሚቀረጽ ተለዋጭ ትዕይንት በእጃችሁ ይኑር።

ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የታጠቀ ጠባቂ አብሮ ይሄዳል። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል። ጠዋት ከብርዱ ወጥ ወደሚሠራበት መኪና የገባ ካሜራ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል፤ ቀድማችሁ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስራችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉት። ውኃም በሳንቃበር ከፍታ 89 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ ይዘገያል። የምግብ ትዕይንቱን ጊዜ በዚያው ልክ አስሉ፣ ወይም የግፊት ድስት ያዙ።

ፈቃድ። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ለቴሌቪዥን መቅረጽ ከጎብኚ ትኬት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ ሻንጣ ውስጥ መገኘቱ ራሱ ያስጠይቃል። ሰፈር ውስጥ የምታድሩ ከሆነ ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሕፃናት ሲሰበሰቡም የሚያግባባ የሰፈሩ ልጅ ቅጠሩ። ለጥምቀት የምትመጡ ከሆነ መኪናው ከከተራ በፊት፣ ከጥር 9 ቀን ጀምሮ የሚቆይበት ቦታ ይያዝ። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ቅጥቅጥ አይንቀሳቀስም።

የመኪናው ወረቀትም ይታይ። ወንበር ተነቅሎ አልጋ የገባበት መኪና ሊብሬው ላይ አሁንም የሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ ከተጻፈ ኬላ ላይ ጣጣ አለው። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ቀረጻው እስኪያልቅ የሚያገለግሉ ይሁኑ።

ፋይል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ባለ 4ኬ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ቢሠሩ 360 ነው። በሁለት ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ አንዱ ከመኪናው ውጭ ይደር። ሜሞሪ ካርዱ ሁለቱም ዲስኮች ተከፍተው እስኪታዩ አይደምሰስ።

(ምስል፦ የስምምነት ወረቀት)

በመጨረሻም ውሉ። ጥንዶቹ ማይኩን መቼ ማጥፋት እንደሚችሉ፣ አልጋውና ጸሎቱ ይቀረጽ ወይም አይቀረጽ፣ በሳምንት የትኛው ቀን ካሜራ እንደማይገባ በጽሑፍ ይቀመጥ። ከማታ 2 ሰዓት በኋላ መቅረጽ ካለ ክፍያው ለብቻ ይሁን፤ የእነሱ መኝታ የእናንተ ስቱዲዮ ነውና። ናፍጣው፣ ቡታጋዙ፣ የተበላሸ ፓምፕ በማን ወጪ እንደሚሠራ ይገለጽ። መኪናው ሲያልፍ ለሚታይበት ምስል ሲባል የሚነዳው ኪሎ ሜትር ለብቻው ይቆጠር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ጭቅጭቅ የሚያመጣውም እሱ ነው። ጥንዶቹ የራሳቸው የዩቲዩብ ቻናል ካላቸው ደግሞ ከቀረጻው ቀናት ምን መልቀቅ እንደሚችሉና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቀኑ ተጽፎ ይፈረምበት።