የመድፍ ርግጫ የት ይገባል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በሬዲዮ የስልክ ክፍለ ጊዜያችን ስለ ታንክና መድፍ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ደጋግመው ከሚመጡት ጥቂቶቹን እነሆ።

ታንክ ያን የሚያህል መድፍ ሲተኩስ ለምን አይገለበጥም? (ከአዳማ)

ርግጫውን መጀመሪያ የሚቀበለው ታንኩ ሳይሆን በርሜሉ ስለሆነ ነው። በርሜሉ ብቻውን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዘይት የሞላበት ሲሊንደር ፍጥነቱን ያበርድለታል። ከዚያ ስፕሪንግ ወይም የታመቀ ናይትሮጅን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሁልጊዜ የምላችሁን ያዙልኝ፤ ጉልበቱ አይጠፋም፣ በርቀትና በጊዜ ይከፋፈላል እንጂ። በርሜሉ የሚንሸራተትበት መንገድ በእጥፍ ቢረዝም ቱሬቱን፣ ማለትም መድፉን ተሸክሞ የሚዞረውን የታንኩን የላይኛ ክፍል፣ የሚገፋው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ይህን ዘዴ ማን ጀመረው? (ከጎንደር)

ሙከራዎች ቀድመውም ነበሩ። በደንብ ተሳክቶ ዓለምን የቀየረው ግን የፈረንሳዮች 75 ሚሊ ሜትር (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት ነው) መድፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከዓድዋ አንድ ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት መድፉ ከነጎማው ወደ ኋላ ይንከባለልና በየተኩሱ እንደገና ይነጣጠር ነበር። በዚህኛው ግን ጎበዝ ተኳሾች በደቂቃ 15 ያህል ጥይት ይተኩሱ ነበር።

ቱሬቱን በአሉሚኒየም ሰርቶ ትልቅ መድፍ መጫን አይቻልም? (ከሐዋሳ)

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሸሪዳን የሚባል ቀላል ታንክ ሰሩ። አካሉ አሉሚኒየም፣ ቱሬቱ ብረት፣ ክብደቱ 15 ቶን ገደማ ነው። የጫኑበት ግን 152 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበር። ሲተኩስ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱ ነበር። ንዝረቱም ከዚያው በርሜል የሚተኮሰውን ሚሳይል ኤሌክትሮኒክስ ያበላሽ ነበር። ጉልበቱ አይጠፋም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ብረቱን ስትቀንሱ ርግጫውን የሚሸከምላችሁን ክብደትም ትቀንሳላችሁ።

ስለዚህ መሐንዲሶች በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። የበርሜሉን መንገድ ያስረዝማሉ። ወይም ሰዉን ከቱሬቱ አውጥተው ወደ ታች፣ ወደ ተሽከርካሪው አካል ያወርዱታል፤ ያኔ በወፍራም ብረት የሚሸፈነው ቦታ ያንሳል። ኤም 777 የተባለው 155 ሚሊ ሜትር መድፍ ደግሞ በታይታኒየም ተሰርቶ ወደ 4.2 ቶን ወርዷል። የቀደመው ኤም 198 ከ7 ቶን በላይ ነበር። በእኔ እምነት የዘርፉ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

የአፈሙዝ ብሬክ ለምን ሁሉም ታንክ ላይ የለም? (ከደሴ)

በበርሜሉ ጫፍ ተገጥሞ ርግጫውን የሚቀንሰው ይህ ክፍል የተኩሱን ጋዝ ወደ ጎን ስለሚረጨው አቧራ ያስነሳል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጎዳል።

የብረት ንግድ ላይ ነን። ሜዳ ላይ የቀረ አሮጌ ታንክ አግኝተናል። የመድፉን ሲሊንደሮች በጋዝ ከመቁረጣችን በፊት ባዶ መሆናቸውን በምን እንወቅ? (ስልኩን እንጂ ቦታውን አልተናገረም)

አታውቁም። ወንድሜ፣ በፍጹም አትቁረጡ።

በርሜሉን የሚመልሰው ናይትሮጅን መድፉ ባይተኮስም በከፍተኛ ግፊት ታምቆ ይቀመጣል። ታንኩ ዝጎ ሣር በቅሎበትም ግፊቱ ውስጡ ሊኖር ይችላል። ከውጭ አይታይም፣ ሲመቱትም አይናገርም። እሳት ስታስጠጉበት ብረቱ ይደክማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲሊንደሩ ሲፈነዳ ፊት ለፊቱ ያለውን በያጅ ይዞት ይሄዳል። ዘይቱም በጭስ መልክ ወጥቶ ይቀጣጠላል። በርሜሉ ወደ ኋላ እንደተንሸራተተ ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ ማሰሪያው ሲቆረጥ በአንድ ጊዜ ይወረወራል። ጉልበቱ አይጠፋም፤ ዓመታት ተኝቶ ሊጠብቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ውስጡ ያልፈነዳ ጥይት ከሌለ ነው። ካለስ? «የጎረቤት ሰው ቆርጦ ምንም አልሆነም» አትበሉኝ። የተጎዳው ሰው ደውሎ አይነግራችሁም። ልጆችም በርሜሉ ላይ እየተንጠለጠሉ ይጫወታሉ፣ ወላጆች አይተው ያልፋሉ። እባካችሁ ልጆቹን አውርዱ። ለአካባቢው ፖሊስ ንገሩ፤ የፈንጂ ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳይነካው። የመኪና ሾክ አብዞርበር የምትቆርጡ ልጆችም ስሙኝ፣ ጋዝ ያለበት አለና ለእናንተም ያው ነው።

የቀድሞ መድፈኛ ነኝ። ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት ይጮህብኛል፤ ከመድፉ ነው? (ከባሕር ዳር)

አባቴ፣ ሊሆን ይችላል። ግን እኔ የብረት ሰው ነኝ። ነገ ዛሬ ሳይሉ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ይመርመሩ። ስንት ዓመት መድፍ አጠገብ እንደሠሩም ይንገሯቸው።