አንድ ሶናታ፣ ሁለት ቤት፦ የቤትሆቨን «የጨረቃ ብርሃን» ለምን ያጨቃጭቃል?

[ምስል፦ ባሕር ዳር። ጠረጴዛ ላይ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ። ቀኝ እጅ ጂ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ እያለ ይደጋግማል።]

ይህቺን አጀማመር ስሟን የማያውቅም ሰምቷታል። ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ የፒያኖ ተጫዋቹን የግሌን ጉልድን ቅጂ ክፈቱ፤ የመጀመሪያውን ክፍል ከአምስት ደቂቃ በታች ይጨርሰዋል። የእንግሊዛዊውን ፒያኖ ተጫዋች የሰለሞንን ክፈቱ፤ ከሰባት ደቂቃ በላይ ይሄድበታል። ኖታው ያው ነው። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?

የጎጃም ሰው በዚህ ብዙም አይደናገርም። ዋሸራም ጎንጅም እዚሁ ያሉ የቅኔ ቤቶች ናቸው፤ ቋንቋው አንድ ግእዝ፣ መንገዱ ለየቅል። ፒያኖም ላይ ቤት አለ። ችግሩ ፍጥነቱን ከአንዱ ቤት፣ ፔዳሉን (በእግር የሚረገጠውን) ከሌላው ቤት መቀላወጥ ነው። ምክንያቱም እነዚህ ውሳኔዎች የተያያዙ ናቸው።

[ምስል፦ ጣና በሌሊት፣ ውኃው ላይ ጨረቃ።]

መጀመሪያ ስሙን ከመንገዳችን እናንሳ። ቤትሆቨን ሥራውን በ1801 ጻፈው፤ በ1802 ቪየና ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሰጠው ርእስ «ፋንታሲያ መሰል ሶናታ» የሚል ነው፤ ሶናታ ባለ ብዙ ክፍል የመሣሪያ ሥራ፣ ፋንታሲያ ደግሞ በነፃ ምናብ የሚሄድ ሙዚቃ ነው። ጨረቃውን ያመጣው ሉድቪግ ሬልሽታብ የሚባል ጸሐፊ ነው እንጂ ቤትሆቨን አይደለም። ስለዚህ «ጨረቃ ዝግ ያለች ናትና ዝግ ብለን እንምታ» የሚለው ክርክር መሠረት የለውም። ጣና ዳር ለሚቀረጽ ቪዲዮ ግን ያምራል፣ አልካድንም።

[ምስል፦ የኖታው የመጀመሪያ መስመር፤ ሁለት ምልክቶች ተከበዋል።]

አሁን ፍጥነቱ። ከላይ «አዳጆ ሶስቴኑቶ» ይላል፤ ዝግ ያለ፣ የተያዘ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆማል። በመስመሩ መጀመሪያ ካሉት የሻርፕ ምልክቶች ቀጥላ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተመልከቱ። ሲ ብቻ ከሆነች በባር (በሁለት ቁም መስመሮች መካከል ባለው የኖታ ክፍል) አራት ምት ነው። በቁም መስመር ከተሰነጠቀች ግን «አላ ብሬቬ» ትባላለች፤ በባር ሁለት ሰፊ ምት። የመጀመሪያው እትም ላይ ያለችው የተሰነጠቀችው ናት፤ አንዳንድ የቆዩ እትሞች ግን መስመሯን ጥለዋት ታትመዋል። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ቅጂ አሁኑኑ አረጋግጡ። በራሱ በቤትሆቨን እጅ የተጻፈው ቦን ከተማ ይገኛል፤ ግን የመጀመሪያው ቅጠል ጠፍቷል፤ ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ዳኛው የ1802ቱ እትም ነው።

የቤትሆቨን ተማሪ የነበረው ካርል ቼርኒ ለሩብ ኖታ በደቂቃ 54 ምት ሰጥቷል። ክፍሉ 69 ባር ነው፤ በአራት ሲባዛ 276 ምት። በ54 ካሄዳችሁት 5 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ግድም ይፈጃል። በ40 ከሆነ 6 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ።

የዝግታው ቤት ሰዎች «ቀስ ሲል ኅብረ ድምፁ ይሰማል፣ ሐዘኑ ይገባል» ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ግን ስድስተኛውን ባር ተመልከቱ፦ የዜማው ጂ ሻርፕ ሦስት ምት ይቆያል። በ54 ሲሆን 3.3 ሰከንድ ነው፤ በ40 ደግሞ 4.5 ሰከንድ። የፒያኖ ድምፅ ከተመታ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር አያውቅም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ድምፁ ይከሳል፤ ቀጣዩ ጂ ሻርፕ ሲመጣ በር የሚያንኳኳ ይመስላል፤ ዜማው ይበጠሳል። ትልቅ ኮንሰርት ፒያኖ ይህን ይሸከማል። ርካሽ ኪቦርድ አይሸከምም። የእኛ ምክር ከ50 እስከ 56 ነው። ትዝታ የለመደ ጆሮ የስንኙን መጨረሻ መጎተት ይወዳል፤ እዚህ ግን ሦስት ሦስቱ ኖታዎች ሳይቆሙ መሄድ አለባቸው።

[ድምፅ፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች፣ ፔዳሉ ሳይነሳ። ድምፁ ይደፈርሳል።]

ትልቁ ጠብ ፔዳሉ ላይ ነው። ቤትሆቨን ቁራጩ በሙሉ «በጣም በስሱ፣ ሴንሳ ሶርዲኖ» ይመታ ብሎ ጽፏል። «ሴንሳ» ያለ ማለት ነው። «ሶርዲኖ» ደግሞ እዚህ ላይ በጅማቶቹ ላይ ተኝተው ድምፁን የሚገድሉት ማፈኛዎች ናቸው። ክራር ግርፍ የሚመታ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ ግራ እጁ የማይፈለጉትን ጅማቶች ያፍናል። ያንን እጅ አንሱት፤ ሁሉም ይጮኻል። ትእዛዙ እንግዲህ «ማፈኛውን አንሱ» ነው፤ በዛሬ ቋንቋ ቀኙን ፔዳል ርገጡ። ቃሉን «የማለስለሻ ፔዳል አትጠቀሙ» ብሎ የሚተረጉም ታገኛላችሁ፤ ስሕተት ነው።

ክርክሩ «ሁልጊዜ ይረገጥ ወይስ ይቀያየር?» የሚለው ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ አንድራሽ ሺፍ ጽሑፉን እንዳለ ይዞ ማፈኛውን አንስቶ ይጫወታል፤ ሚዛኑንም ፈጠን ያደርገዋል። ቼርኒ ግን ፔዳሉ በእያንዳንዱ የባስ (በግራ እጅ የሚመታው ወፍራም ድምፅ) ኖታ ላይ እንደገና ይረገጥ ይላል። በዘመኑ የነበረው የቪየና ፒያኖ መዶሻው ቆዳ የለበሰ፣ ጅማቱ ቀጭን ስለነበር ድምፁ ቶሎ ይጠፋል፤ ቢደራረብም ጭጋግ እንጂ ጭቃ አይሆንም። በዛሬው ፒያኖ ግን ባሱ ብዙ ሰከንድ ይቆያል። 16ኛው ባር ላይ ዜማው ሲ ሲመታ ከሥሩ ያለው ባስ ቢ ነው፤ ግጭቱ የታሰበ ነው። የቀደመው ባር ትርፍራፊ ከተጨመረበት ግን ግጭቱ ራሱ አይሰማም።

እውነተኛ ፒያኖ ካላችሁ ፔዳሉን ሙሉ አትጫኑ፤ ማፈኛዎቹ ጅማቱን በጥቂቱ እስኪነኩ ድረስ ብቻ። የሚነኩበት ቦታ በእያንዳንዱ ፒያኖ ይለያያል፤ አንድ ባስ ይዛችሁ እግራችሁን ቀስ እያነሳችሁ ፈልጉት።

ለመቀያየር፦ ጣት ሲወርድ እግር ይነሳል፤ ባሱ በጣት እንደተያዘ እግር ይመለሳል። ተማሪ የሚስተው እግሩን ከጣቱ ቀድሞ በማንሳቱ ነው፤ ያኔ መሐል ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል። በቼርኒ ሕግ አንደኛና ሁለተኛ ባር አንድ አንድ፣ ሦስተኛና አራተኛ ሁለት ሁለት ጊዜ፤ በድምሩ ስድስት። አራተኛው ባር ላይ ግን ኅብረ ድምፁ በየምቱ ስለሚለወጥ በዛሬው መሣሪያ አራት ጊዜ ብትቀይሩ ይሻላል።

[ምስል፦ አንድ ምት በ12 ተከፍሎ።]

ሦስተኛዋ ጠብ የነጥቧ ናት። ዜማው ባለ ነጥብ ኖታ (ነጥቧ ርዝመቱን በግማሽ ትጨምራለች) ይዞ አንዲት አጭር ኖታ ያስከትላል፤ ከሥሩ ሦስት እኩል ኖታዎች ይሄዳሉ። ምቱን በ12 ክፈሉት፦ ሦስቱ በ0፣ በ4 እና በ8 ይመታሉ፤ አጭሯ በ9። ልዩነቱ በ54 ፍጥነት ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያንሳል። በድሮው ዘመን የሙዚቃ አጨዋወት መጽሐፍ ከጻፉት ክቫንትስ በ1752 «አጭሯ ከሦስተኛዋ በኋላ ትምጣ» ሲል፣ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ በ1753 «አብረው ይውደቁ» ብሏል። እዚህ ሥራ ላይ ክቫንትስን ተከተሉ፤ አብረው ከወደቁ ዜማው ከአጃቢው ጋር ይሟሟል። ለልምምድ ሦስቱን በግራ እጅ፣ ዜማውን በቀኝ ትንሽ ጣት ብቻ ምቱ፤ ከዚያ ወደ አንድ እጅ ሰብስቡት።

[ምስል፦ የኪቦርዱ ግራ ጫፍ።]

አሁን ኪቦርድ ብቻ ላላቸው። በዘመኑ የተለመደው ፒያኖም እንደናንተው 61 ቁልፍ ነበረው! ግን ከኤፍ ይጀምራል፤ የእናንተው ከዚያ በላይ ካለው ሲ። ስለዚህ ገና ሁለተኛው ባር ላይ ታችኛው ቢ የለም፤ ቀጥሎ ኤ፣ ኤፍ ሻርፕና ጂ ሻርፕም የሉም። የኦክታቭ መቀየሪያዋን (ኦክታቭ ከአንድ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለው ርቀት ነው) አንድ ወደ ታች አውርዱ፤ እጆቻችሁም አንድ ኦክታቭ ወደ ቀኝ ይዛወራሉ። ይህ ካልተቻለ ከባሱ ሁለት ኖታዎች ላይኛዋን ብቻ ያዙ።

በአንድ ጊዜ 32 ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ኪቦርድም ፔዳሉ ካልተነሳ ቦታ ይሞላበትና የቆዩትን ይጥላል፤ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ባሱ ነው። ብዙ ርካሽ ፔዳሎች ደግሞ ግማሽ አያውቁም፤ ወይ ክፍት ወይ ዝግ። እንዲህ ላለ መሣሪያ የሺፍ ቤት አይሆንም፤ ቼርኒን ያዙ። መብራት ሄዶ ሲመለስ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ከነበረ ነገሩ ተገልብጦ ሳትረግጡ ሊጮኽ ይችላል፤ እግራችሁን አንስታችሁ ኪቦርዱን አጥፉና እንደገና አብሩ።

[ድምፅ፦ ከ60ኛው ባር እስከ መጨረሻው።]

ከ60ኛው ባር ጀምሮ ያቺ ባለ ነጥብ ጂ ሻርፕ ወደ ግራ እጅ ትወርዳለች። ቀኝ እጅ እዚህ ላይ ዝቅ ካላለ ዜማው ወርዶ መሄዱን የሚሰማ የለም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) በጣም ዝቅ ብለው ይመታሉ፤ ከሥራቸውም «አታካ» ተጽፏል፦ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አታሳርፉ፣ ጭብጨባም አትጠብቁ፤ ሁለተኛው ክፍል ወዲያው ይቀጥላል።