አሞሌው፣ ቀይ ባህር እና በዓይን የማይታየው ዛጎል

ሚኪ፦ ዛሬ ስለ ፎራሚኒፌራ እናወራለን ብለናል። ባህር ውስጥ የሚኖሩ፣ አንድ ሴል ብቻ ያላቸው፣ ግን ዛጎል የሚሠሩ ፍጥረታት ናቸው። አብዛኞቹ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። ጥያቄው፣ የባህሩ ጨው ሲጨምር ዛጎላቸው ውስጥ ምን ይለወጣል የሚለው...

ሳምሪ፦ ቆይ ቆይ። መጀመሪያ ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው ምንድነው?

ሚኪ፦ አሞሌ ነዋ።

ሳምሪ፦ ሰው ስቱዲዮ ቡና ይዞ ይመጣል፣ አንተ አሞሌ!

ሚኪ፦ ከዳናኪል ነው ያመጣሁት። ስሚኝማ፣ አቆራረጡን ብታዪ! አንዱ በረጅም እንጨት ንጣፉን ፈልቅቆ ያነሳዋል፣ ሌላው ቁጢጥ ብሎ በመጥረቢያ ይጠርበዋል። ሜትር የለ፣ ሚዛን የለ፣ ዓይኑ ብቻ፣ ግን ሁሉም እኩል! ግመሎቹ ደግሞ ተንበርክከው ይጠብቃሉ። እኔ ሙቀቱን አልቻልኩም፣ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው።

ሳምሪ፦ ፎራሚ... ምን ነበር ያልከው? እሱስ?

ሚኪ፦ እየመጣሁ ነው! የሜዳው ዳርቻ ላይ ኮራል አለ። ድንጋይ የሆነ፣ ቅርንጫፉ የሚታይ የባህር ኮራል፣ በረሃ ላይ! ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባህር እዚያ ድረስ ገብቶ ነበር። ከዚያ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ።

ሳምሪ፦ ታዲያ ይሄ አሞሌ ቀይ ባህር ነው በለኛ። የላይኛው ንጣፍ ግን ጎርፍ ያሟሟው አይደል እንዴ?

ሚኪ፦ ጎርፉ የሚያሟሟው ያንኑ የድሮውን ጨው ነዋ።

ሳምሪ፦ እሺ፣ ግማሹን ተቀብያለሁ። ኧረ አትላሰው!

ሚኪ፦ (ሳቅ) ወደ ቀይ ባህር ልመለስ። የዓለም ውቅያኖስ በአማካይ በኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ቀይ ባህር ደቡቡ ላይ ከ36 እስከ 37 ይሆንና ሰሜኑ ላይ ከ40 ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለም፣ ዝናቡም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ በዓመት ግን 2 ሜትር ያህል ውሃ ይተንበታል። እሳት ላይ እንደተረሳ ወጥ ነው፣ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል።

ሳምሪ፦ ስለ ወጥ ከሆነ ገባኝ።

ሚኪ፦ ሲተን ታዲያ ውሃው ውስጥ ካሉት የኦክስጅን ዓይነቶች ቀላሉ፣ ኦክስጅን 16 የሚባለው፣ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ኦክስጅን 18 ይቀራል። ፎራሚኒፌራው ዛጎሉን ከዚያው ውሃ ስለሚሠራ ዛጎሉም ኦክስጅን 18 ይበዛበታል። በበረዶ ዘመን ባህሩ በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ሲል፣ በቀይ ባህር ደቡባዊ መግቢያ፣ ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ደፍ፣ ማለትም ከፍ ያለው የባህር ወለል፣ ዛሬ እንኳ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ነውና፣ በሩ ጠበበ። የቀይ ባህር ጨው ከ50 አለፈ። ላይ ላይ የሚንሳፈፉት ፎራሚኒፌራዎች ብዙው ቦታ ላይ ከደለሉ ጠፉ። በቃ፣ የሉም!

ሳምሪ፦ እነሱም ጨው በዛብን አሉ።

ሚኪ፦ ከመጥፋታቸው በፊት የሠሩት ዛጎል ግን ይናገራል። በዚያ ኦክስጅን ነው የጥንቱን የባህር ከፍታ ያሰሉት፣ እዚሁ ቀይ ባህር ላይ። አይገርምም?

ሳምሪ፦ ይገርማል። ግን ማግኒዥየሙ የሙቀት መለኪያ ነው ያልከኝ?

ሚኪ፦ አዎ፣ ውሃው በሞቀ ቁጥር ዛጎሉ ውስጥ ከካልሲየም አንጻር ማግኒዥየም ይጨምራል፣ በዲግሪ 9 በመቶ ገደማ። ጨውም ግን ይጨምረዋል፣ በአንድ ግራም ከ3 እስከ 5 በመቶ። ስለዚህ 40 ግራም ያለበት ባህር ላይ ያደገ ዛጎል ሁለት ዲግሪ ገደማ አጋንኖ ይነግርሻል።

ሳምሪ፦ እንግዲያማ ቴርሞሜትሩ ውሸታም ነው።

ሚኪ፦ ኧረ! ጨውን ካወቅሽ ታርሚዋለሽ። ደግሞ ቀይ ባህር ላይ ከሞቱ በኋላ ወለሉ ላይ ሌላ ካልሳይት፣ ማለትም ዛጎሉ የተሠራበት ዓይነት ማዕድን፣ ይደረብባቸዋል፣ የማግኒዥየሙ ብዛት ከፊሉ ከዚያ ነው የሚሉም አሉ።

ሳምሪ፦ በየትኛው ልመን ታዲያ?

ሚኪ፦ በሁለቱም ትንሽ ትንሽ። ለዚህ እኮ ነው አሁን ሶዲየም የሚለኩት። ጨው ሲጨምር ዛጎሉ ውስጥ ሶዲየም ይጨምራል፣ ቀይ ባህር ላይም ታይቷል።

ሳምሪ፦ ሶዲየሙንስ ሌላ ነገር አይነካውም?

ሚኪ፦ ዝርያው ይለያያል። አንዱ ዝርያ ብዙ ይይዛል፣ ሌላው ትንሽ...

ሳምሪ፦ ያው ነው! አንድ ነገር ለማወቅ ሦስት ነገር መለካት!

ሚኪ፦ ሦስቱንም ካንዲት ቅንጣት ማግኘትሽን አታዪም?

ሳምሪ፦ አያለሁ፣ ግን አላሳመንከኝም። ቀጥል።