ስምን መልአክ ያወጣዋል

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቅርጫት ኳስ ነው የማወራው፤ ግን ከእናቴ ልጀምር።

እማዬ ዲሲ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ የከተማው ቅርጫት ኳስ ቡድን የዊዛርድስን ቲሸርት ገዛሁላት። ለብሳው መስታወት ፊት ቆመችና «ምን ይላል ጽሑፉ?» አለችኝ። ሳላስበው «ጠንቋዮቹ» አልኳት። «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ወዲያው አውልቃ ገለበጠችውና ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጋ መልሳ ለበሰችው። ልብሱ ጥሩ ነዋ!

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህ ቡድን መልአክ ግን ሐሳቡ አይረጋም። በ1961 ቺካጎ ሲመሠረት ፓከርስ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። በዓመቱ ዜፈርስ ሆነ። በ1963 ባልቲሞር ገባና ቡሌትስ ተባለ፤ ጥይቶቹ ማለት ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ ወደ ዋሽንግተን መጣ። በ1978 እነ ዌስ አንሰልድ ሲያትልን በሰባተኛው ጨዋታ ረትተው ዋንጫ በሉ። የመጀመሪያው ዋንጫ ነው። እስካሁን ሁለተኛ የለም።

የቡድኑን ባለቤት ኤብ ፖሊንን ግን «ጥይቶቹ» የሚለው ስም ይከነክነው ነበር። የዚያን ጊዜ ዲሲ ውስጥ በጥይት የሚሞተው ሰው ብዙ ነው። በ1995 ደግሞ ወዳጁ፣ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን፣ በጥይት ተገደለ። ከዚያ በኋላ ፖሊን ቆረጠ። ሕዝቡ ከአምስት ስሞች እንዲመርጥ ተደረገ። አንዱ «የባሕር ውሾች» ነበር፤ እማዬ እሱን ብትሰማ ምን ትል እንደነበር እንጃ። በ1997 ዊዛርድስ ሆኑ።

ፖሊን ኅዳር 2009 ላይ አረፈ። ወር ሳይሞላው የቡድኑ ኮከብ ጊልበርት አሬናስ ከቡድን ጓደኛው ጋር በቁማር ገንዘብ ተጣልቶ ሽጉጥ ይዞ መጣ። ጥይቱ ከማልያው ላይ ተፋቀና መልበሻ ክፍል ገባላችሁ። የስድስት ዓመት፣ የ111 ሚሊዮን ዶላር ውል ከፈረመ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ገንዘቡን ካነሳሁ አይቀር።

2019 ላይ ከስታዲየሙ ብዙም የማይርቅ ፓርኪንግ ውስጥ በሰዓት 14 ዶላር እሠራ ነበር። ጨዋታ ባለበት ማታ መኪናው ይጎርፋል፣ እኛም ቁልፍ ይዘን እንሮጣለን። የዊዛርድሱ ኮከብ ጆን ዎል የዚያን ዓመት ደሞዙ ከ38 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ስለነበር አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። አንድ ማታ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከደረሰኝ ጀርባ አሰላሁት። 38 ሚሊዮን ለ82 ጨዋታ ሲካፈል፣ ታክሱን ትተን፣ የአንዱ ጨዋታ ድርሻ የኔ የ16 ዓመት ደሞዝ ወጣ። ያውም ላልተጫወተው ጨዋታ! ደረሰኙን ጨምድጄ ጣልኩት።

ዎልን ግን አልተቀየምኩትም። ውሉ ዋስትና አለው፤ ተጎድቶ ቢተኛም ይከፈለዋል። እኔ ወገቤን ያመመኝ ሳምንት ግን ያልገባሁባቸው ሰዓቶች ዜሮ ዜሮ ናቸው። ተጫዋቾቹ ማኅበር አላቸው፣ ተደራድረው ነው ያገኙት። እሰየው።

የሚያናድደኝ ክለቡ ነው። ሊጉ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ ለሚከፍለው የደሞዝ ጣሪያ አለው። ትልቁ ውል ከዚያ ጣሪያ 35 በመቶውን ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ የተረፈውን ሌሎቹ ይቃመሱታል። ያ ሰው ከተጎዳ ደግሞ በምን ሌላ ሰው ታመጣለህ? ለዎል በ2017፣ ከ2019 ጀምሮ የሚሠራ፣ አራት ዓመት፣ 170 ሚሊዮን ፈረሙለት። ያ ውል ገና ዓመት እንደሠራ ሂዩስተን ላኩት። ተማሩ? በ2022 ለሌላው ኮከባቸው ለብራድሊ ቢል አምስት ዓመት፣ 251 ሚሊዮን! ያውም ካልፈቀደ ወደ ሌላ ቡድን እንዳይዛወር ፈርመውለት። በዓመቱ ፊኒክስ ሄደ። የሚከፍሉት ሰውየው ላለፈው ለሠራው ነው፤ ለሚመጣው የሚተርፍ ጉልበት ይኑረው አይኑረው ማንም አይጠይቅም።

እኔ ግን ማየቴን አልተውኩም። ሱስ ነው መሰለኝ።

በ2024 የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ እማዬ ጋ አዲስ አበባ ደወልኩ። ቲሸርቷን አሁንም ገልብጣ እንጀራ ስትጋግር ትለብሳታለች። «እነዚያ ጠንቋዮችህ እንዴት ሆኑ?» አለችኝ።

«82 ተጫውተው 67ቱን ተሸነፉ» አልኳት።

«ድሮስ!» አለች።