መዶሻው የት ሄደ?

እሺ... ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ነኝ። ባለቤቴ «ደግሞ ኮሚቴ ገባህ?» አለችኝ፤ ታውቋታላችሁ። አዎ ገባሁ! ይሄኛው ግን ሙዚቃ የሚያስጽፍ ኮሚቴ ነው። ሰው ያዋጣል፣ ለአቀናባሪዋ ግማሹ ውል ሲፈረም፣ ግማሹ ኖታው ሲያልቅ ይከፈላታል። ዕጣ የማይወጣበት ዕቁብ በሉት። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ተለቅ ያለ ቫዮሊን በሉት)፣ አንድ ቼሎ (ከሁሉም የሚተልቀው)። ታሪኩ የጆን ሄንሪ፤ ያ አሜሪካኖች የሚዘፍኑለት፣ በመዶሻ ከእንፋሎት ማሽን ጋር ዋሻ ሲቦረቡር ተወዳድሮ፣ አሸንፎ እዚያው ወደቀ የሚባለው።

ባለፈው ረቂቁን ሊያሰሙን ጠሩን። ቼሊስቱ አውታሩን ሳብ አድርጎ ለቀቀው፤ ጧ! እንጨቱን መታው። መዶሻው መጣ ብዬ ተመቻቸሁ። አልተደገመም። ቪዮላዋ ብቻዋን ቀረች። ልጅቷ ደጋኗን አውታሩ ላይ አሳርፋ በጣም ትንሽ ፈቀቅ ታደርገዋለች፣ ኪር ይላል፣ ትቆማለች። ደግሞ ኪር። ትቆማለች። እስከ መጨረሻው!

እኔ መቼ አስችሎኝ፣ «መዶሻው የት ሄደ?» አልኩ። ሰው ሳቀ። አቀናባሪዋ አልሳቀችም። «ብረቱን ማን እንደያዘለት ታውቃለህ?» አለችኝ።

ለካ አንድ ሰው አለ፣ ሼከር ይሉታል። መሰርሰሪያውን በእጁ ይዞ ይቀመጣል፤ መዶሻው አርፎ በተነሣ ቁጥር ዞር ያደርገዋል፤ አለዚያ ብረቱ ድንጋዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ዘፈኑ ውስጥ ጆን ሄንሪ ራሱ ይለዋል፣ ጸልይ፣ ይቺን ብረት ከሳትኳት ነገ ቀብርህ ነው። «አንተ ትይዝለት ነበር?» አለችኝ። «እሱማ...» ብዬ ቀረሁ። «እሱማ» ምን? ምን ልል ነበር?

ቆይ ግን፣ የከፈልነው እኛ አይደለንም እንዴ? ሰው ጆን ሄንሪ ብሎ መጥቶ ኪር ኪር ሰምቶ ይሂድ? አሜሪካዊቷ አቀናባሪ ጁልያ ዎልፍ እኮ በ2009 በዚሁ ታሪክ «ስቲል ሀመር»ን ስታቀርብ ግጥሙን ከ200 በላይ ከሚሆኑ የዘፈኑ ዓይነቶች ነው የለቀመችው፤ የሚጋጨውንም እንደተጋጨ ተወችው። ባንጆ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ እግር ይረግጣል። እንዲህ ነው እንጂ!

ደግሞ እኮ የተወዳደረበት ቦታ ራሱ አልለየለትም። ዌስት ቨርጂኒያ ያሉት ታልኮት፣ ቢግ ቤንድ ዋሻ ነው ብለው ሐውልት አቁመዋል። ስኮት ኔልሰን የሚባል የታሪክ ምሁር ደግሞ እዚሁ እኛ ያለንበት ቨርጂኒያ፣ ሉዊስ ዋሻ ነው ይላል። ከሪችመንድ እስር ቤት መዝገብ ጆን ዊሊያም ሄንሪ የሚባል፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ በኪራይ የተሰጠ እስረኛ አገኘ። ቁመቱ 155 ሴንቲ ሜትር ገደማ! ሐውልቱን ያየ ሰው ይሄን ቢሰማ... እስረኞቹን የጨረሳቸው ደግሞ የድንጋዩ አቧራ ነው ይላል፣ ሳንባቸው ገብቶ። አቧራ መቺና ያዥ ይለያል? አይለይም። ታዲያ ማሸነፉ...

አይ፣ ተዉት።

አስተያየት በጽሑፍ ላኩ ተብለናል። «መዶሻ ይጨመር» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። መልሼ ደግሞ ጻፍኩት፣ አልላክሁትም እንጂ። ሁለት ሦስት ምት ብትጨምር ምን ይጎዳታል? ብቻ ከጨመረች ያንን ኪር የሚለውን ማን ይሰማዋል... እኔ እንጃ። ምናልባት መሐል ላይ...