ከቦኖ የተቀዳ ድምፅ

እንደምን አደራችሁ! በዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ለጊዜው ዝጉት። ስልካችሁን ግን አውጡ፣ ዛሬ የምንጀምረው በሱ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚመጣላችሁ የሠርግ ቤት ኪቦርድ ነው አይደል? ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ምቱ ይመጣል፣ ቤዙም ተከትሎት ይመጣል። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፋብሪካ የሞላልኝን ምት ስጫወት የራሴ የምለው አንድም ድምፅ አልነበረኝም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ እናንተን በሌላ በር ላስገባችሁ ያልኩትም ለዚህ ነው።

በአማርኛችን ውሃም ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል። እኔ ቅንብር የምለው ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ ሄዳችሁ ትቀዳላችሁ።

በ1944 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ካይሮ ውስጥ ሃሊም ኤል-ዳብ የሚባል ግብፃዊ ወጣት ከሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቅረጫ ተዋሰ። ካሴት እንዳይመስላችሁ። ድምፁ የሚያርፈው ቀጭን ሽቦ ላይ ነበር። መቅረጫውን ተሸክሞ የሄደው ዛር ወዳለበት ነው። አዎ፣ አያቶቻችን የሚያውቁት ዛር። የሴቶቹን ዜማ ቀዳና ጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ በገደል ማሚቶ ክፍል እያሳለፈ፣ መልሶ እየቀዳ፣ አንዳንዱን እያጎላ አንዳንዱን እያጠፋ ሲሠራ ቆይቶ፣ ሰዎቹ ሄደው ጥላቸው ብቻ የቀረ የሚመስል ነገር ወጣለት። በዓለም ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ድርሰቶች አንዱ ይኼ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ የባቡር ድምፅ ቆራርጦ ሙዚቃ ያደረገው በ1948 ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ኤል-ዳብ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን የባህል መሣሪያዎች ቡድንም አቋቁሟል። ስለዚህ “ይኼ የፈረንጅ ሥራ ነው” የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

ኮምፒዩተሩስ? በ1957 አሜሪካ ውስጥ፣ ቤል ላብስ የሚባለው የምርምር ማዕከል መሐንዲስ ማክስ ማቲውስ ክፍል በሚሞላ ኮምፒዩተር 17 ሰከንድ ሙዚቃ አስወጣ። ያኔ የሠራበት ሐሳብ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው፤ ኮምፒዩተር ንዝረቱን ቶሎ ቶሎ እየለካ ቁጥር ያደርገዋል። በሲዲ ጥራት በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። ምነው በዛ? የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ይሰማል (ኸርዝ በሰከንድ ስንት ንዝረት እንዳለ የሚለካበት ነው)፣ አንዱን ንዝረት ሳይስቱ ለመያዝ ደግሞ ከሁለት ጊዜ በላይ መለካት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ደቂቃ ድምፅ 2,646,000 ቁጥር ነው። ቁጥር ከሆነ ደግሞ የሒሳብ ክፍል የተማራችሁት ሁሉ ይሠራበታል። ስታባዙት ይጎላል። ሁለት ድምፅ ስትደምሩ አብረው ይሰማሉ። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስታነቡት ይገለበጣል። ሚክስ፣ ቮልዩም፣ ሪቨርብ (የገደል ማሚቶው) የምትሉት ሁሉ ውስጡ ሲገባ ይኸው መደመርና ማባዛት ነው።

አሁን ልቤ ላይ ያለውን ልናገር። ክራር የሚመታ ሰው አውታሩን የሚቃኘው በጆሮው ነው። አንቺሆዬ ሲቃኝ አንዳንዱ ድምፅ የሚያርፈው በሁለት የኪቦርድ ቁልፎች መሀል ነው። ኪቦርዱ ግን ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ንዝረቱ እጥፍ ድረስ ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ቆርጦ ጨርሷል፣ መሀል ላይ ላለው ድምፅ ቦታ የለውም። አንቺሆዬን ከኪቦርድ ብቻ የተማረ ልጅ ሲጫወት ስሰማ ያሳስበኛል፤ ልጁ አላጠፋም፣ ሌላውን ያሰማው ሰው የለም። ደግሞ መድኃኒቱ እዚያው ማሽን ውስጥ አለ። መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ሚዲ የሚባለው ቋንቋ በ1983 ነው የወጣው፤ ፒች ቤንድ አለው፣ ድምፅን በ16,384 ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ። ብዙ ፕሮግራሞች ቅኝቱን ራሳችሁ እንድታስገቡ ይፈቅዳሉ። ሲሳውንድ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በነፃ ይገኛል፣ ድምፁን በኸርዝ ጽፋችሁ ነው የምታዙት። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና የመጣችሁ ልጆች፣ አካባቢያችሁ ማሲንቆ የሚመቱ አባት ካሉ አስፈቅዳችሁ ቅዷቸው። ከዚያ ኪቦርዱን ወደሳቸው አምጡት። እሳቸውን ወደ ኪቦርዱ አትጎትቷቸው።

ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ? እዚሁ ደብረ ብርሃን የተወለደ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር እያደራረበ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ውጭ አገር ያለ ወጣት ሁሉ ይፈልገው ጀመር። ማሽኑ ያኔ ማንም ሱቅ ገብቶ የሚገዛው ነበር፤ ዜማውን ግን ከአገሩ ይዞት ነው የሄደው።

እሺ፣ የቤት ሥራ። እስከሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችሁ አሥር ሰከንድ ድምፅ ቀድታችሁ ኑ። የጥጥ ማዳወሪያ ይሁን፣ ጣርማ በርን የሚወጣ ከባድ መኪና ይሁን፣ የእናታችሁ ቡና ሙቀጫ ይሁን። ንፋስ ካለ ስልኩን በጋቢ ጫፍ ሸፍኑት፣ አለዚያ የምትሰሙት ንፋሱን ብቻ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ አልቀበልም።

እኔም የራሴን ይዣለሁ። ዛሬ ማለዳ ሰፈሬ ቦኖ ላይ አንዲት እህት ጀሪካን ስትሞላ አስፈቅጄ ቀዳሁ። 12 ሰከንድ ነው። ልብ ብላችሁ ስሙት፣ ውሃው እየሞላ በሄደ ቁጥር ውስጥ ያለው አየር ያጥራል፣ ድምፁም እየቀጠነ ይወጣል። ቀጥሎ ፍጥነቱን በግማሽ እቀንሰዋለሁ። ያኔ 24 ሰከንድ ይሆናል፣ አንድ ኦክታቭም ይወርዳል። ሌላ ምንም አልነካሁበትም።

በሩን ዝጉልኝ። እንስማ።